ባርትሊ ያልረሱት ዜማ

አትራክታ ሃነን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበረች። ጠዋት የድራምኪል መንደርን ልጆች ከየደጃፉ ለቃቅማ ታደርሳለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሳ ትበትናቸዋለች። በመካከል ያለው ጊዜ የራሷ ነው። አውቶቡሱን ሐይቁ ዳር ታቆምና ከኋላ ወንበር ሥር ቫዮሊኗን አውጥታ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ዜማ ስታጋጥም ትውላለች።

በዚያ አውራጃ፣ በሊትሪም፣ የዳንስ ዜማን ብቻውን አይጫወቱትም። ሪል የሚሉት ፈጣኑ ዜማ አጭር ነው፤ ዳንሰኛው ገና ሰውነቱ ሳይሟሟቅ ያልቃል። ስለዚህ ሦስቱን አያይዘው፣ ትንፋሽ ሳይሰጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ማያያዝ ማንም ይችላል። ማጋጠም ግን ሌላ ነው፤ አንደኛው ሲያልቅ የሁለተኛው መምጣት የግድ መስሎ መሰማት አለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ተቀምጦ የነበረውን ሰው ከወንበሩ ማስነሣት አለበት። በዚህ ሥራ በአውራጃው አትራክታን የሚያህል አልነበረም። ሲልቪ ባይርን እንኳ፣ ሰው ማመስገን ጥርስ ከማስነቀል የሚከብደው የባንዱ መሪ፣ "እሷ ያጋጠመችውን ልለያይ ብል ጣቶቼ እምቢ ይሉኛል" ብሎላታል። ይህን የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም እሷ በሌለችበት።

ጥፋቷ የጀመረው በ1983 መጋቢት ነው። ባንዱ ለሰኔው የአውራጃ ውድድር ይዘጋጅ ነበር። ሁለት ዜማ ተመርጦ አልቋል፤ ሁለቱም የአጥቢያው የቆዩ ሪሎች ናቸው። ሦስተኛው ጠፋ። አትራክታ አሥራ አራት ዜማ ሞከረች። አንዱ ቅኝቱ አይገጥምም፣ አንዱ ሲገቡበት ይጎትታል፣ አንዱን ደግሞ የጎረቤት አውራጃ ባንድ አምና አሸንፎበታል። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣ ራሷ ሠራች። የመጀመሪያው ክፍል ልጆቹን ለማንሣት ሰዓቱ ሳይደርስ መጣላት። መዞሪያው፣ ማለት ከፍ ብሎ የሚሄደው ሁለተኛው ክፍል፣ አንድ ሳምንት አስቸገራት። እንዲያውም ወደ መጨረሻው ግድም አንዲት ድምፅ ጨርሶ አልተስማማቻትም። ይሁን ብላ፣ በኪስ ደብተሯ ላይ ከነቀኑ ጻፈችውና አለፈችው።

ችግሩ ሲልቪ ነው። ለእሱ ዜማ ከሰው ይወረሳል እንጂ አይሠራም። አዲስ ዜማ ሠርቶ የመጣ ሰው ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ጨዋ ሆኖ ካዳመጠ በኋላም ሁለተኛ እንዳይሰማው የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። የአገሩም ሰው ከእሱ እምብዛም አይለይም። እዚያ ዜማ ይዞ የመጣ ሰው "ማን ሠራው?" ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው "ከማን ወሰድከው?" ተብሎ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባንዱ በአጥቢያው አዳራሽ ተሰበሰበ። አትራክታ ሦስቱን አጋጥማ ተጫወተች።  ሲልቪ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ።

"ያቺ የመጨረሻዋ፣ ከማን ወሰድሻት?" አለ።

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን "ራሴ ሠራኋት" ብትል የሚከተለውን ታውቃለች፤ "ቆንጆ ናት" ይላትና ሌላ ዜማ ያስፈልጋታል።

"ከባርትሊ ስካንለን። የአባታቸው ናት" አለች።

ሲልቪ ባርኔጣውን አወለቀ። የባርትሊ አባት ማይልስ ስካንለን ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ሐይቅ ዙሪያ እንደ እሳቸው ያለ ዋሽንት ነፊ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሰማም ይባላል። ድምፃቸው በምንም አልተቀረጸም፤ ዜማዎቻቸውን የያዙት ልጃቸው ባርትሊ ብቻ ናቸው።

"ሃምሳ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ይህን ደብቆኝ ኖሯል?" አለ ሲልቪ። "ያ ቆቅ ሽማግሌ! በሉ፣ አንሡ መሣሪያችሁን።"

አትራክታ ሳቀች። ለባርትሊ ነግራቸው አብረው እንደሚስቁ፣ ውድድሩ ካለፈ በኋላም ለሲልቪ ገልጣለት ፊቱ ሲለዋወጥ እንደምታይ አሰበች። ያልሠራውን ሠራሁ የሚል ሰው ሌባ ይባላል። የሠራውን አልሠራሁም የሚለው ግን ስም የለውም፤ ስም ስለሌለውም ጥፋት አልመሰላትም።

ባርትሊ ከሐይቁ ማዶ ከታላቅ እህታቸው ከዴሊያ ጋር ይኖራሉ። ሁለቱም አላገቡም። አትራክታ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ስትል ሰኔ ደረሰ። ባንዱ አንደኛ ወጣ። ዳኛው መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሦስተኛው ዜማ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፣ ሊጠፋ ሲል የተገኘ ቅርስ ነው አሉ። ሰው አጨበጨበ፣ አትራክታም አብራ አጨበጨበች። በሐምሌ ደግሞ በሬዲዮ ተላለፈ። ድንች እየላጠች ነበር፤ አቅራቢው "የማይልስ ስካንለን ሪል፣ ከልጁ ከባርትሊ የተገኘ" ሲል ቢላዋውን አስቀመጠች። ማዶ ያለው ቤትም ሬዲዮ እንዳለው ያን ጊዜ ትዝ አላት።

እንዲያም ሆኖ እስከ መስከረም አልሄደችም። ሰበቡን መደርደር አያስፈልግም፤ ፈርታ ነው።

የሄደች ቀን ባርትሊ ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። ጀርባው በእርሳስ ጽሑፍ ሞልቷል። ዴሊያ ሻይ ቀድተው ዳቦና ቅቤ አቀረቡላትና ወደ ላሞቹ ወጡ።

"እንኳን መጣሽ የኔ ልጅ፣ ልልክብሽ ነበር" አሉ ባርትሊ። "ይኸው የአባቴን ዜማ ሁሉ ጽፌያለሁ። ስድሳ አንድ ነው። ያቺ የለችበትም።"

"እሱን እኮ ነው ልነግርዎት የመጣሁት፣ ባርትሊ..."

"ቆይ ልጨርስ። ሬዲዮኑ ሲያጫውታት ሰማሁ። ቆንጆ ናት። ግን አላወቅኋትም። የአባቴን ዜማ እንደ ባዕድ ቁጭ ብዬ አዳመጥኳት። ሁለት ወር ሙሉ አእምሮዬን ስቧጥጥ ከረምኩ፣ ምንም የለም።" እርሳሱን አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት። "መቼ ነው የሰጠሁሽ? ረግረጉ ላይ ለማገዶ የሚሆነውን አፈር ስንቆርጥ መጥተሽ የረዳሽን ቀን ነው?"

 አትራክታ መንገድ ላይ ስትለማመደው የመጣችውን ቃል ተወችው። እኚህ ሰው የሚለምኗት አንድ ነገር ነው፣ ቀን። ቀኑን ብቻ ብትሰጣቸው የሚያርፉ መሰላት።

"አዎ" አለች። "ያን ቀን ነው።"

ይህ ከመጀመሪያው ውሸት የባሰ ነበር። የመጀመሪያውን ለዜማዋ ብላ ዋሸች። ይህንን ግን ለራሷ ነው፤ ከዚያ ወጥ ቤት በሰላም ለመውጣት።

ባርትሊ አላረፉም። "እናቴንም የጀመራት እንዲህ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋት። ከዚያ መንገዱ። ከዚያ እኛ።" ከመደርደሪያው ላይ የአባታቸውን ዋሽንት አወረዱ። "በይ አስተምሪኝ። የአባቴን ዜማ አስተምሪኝ።"

አስተማረቻቸው። ምን ታድርግ? ቫዮሊኗን አንሥታ አንድ ሐረግ ትጫወታለች፣ እሳቸው ይከተሏታል። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ግማሹን አውራጃ ያስተማሩ ሰው፣ እንደ ጀማሪ ጣታቸውን እያዩ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ተከተሏት። ሲጨርሱ ዋሽንቱን በመሐረብ ጠርገው "አንቺ ባትይዥልኝ ጠፍታ ነበር" አሉ። አትራክታ ከዚያ ቤት ስትወጣ ያን ምስጋና የምታስቀምጥበት አጣች። ሰድበዋት ቢሆን ይሻላት ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን አድርሳ ባዶ አውቶቡሷን ስትመልስ ዴሊያ መንገድ ዳር ቆመው አስቆሟት።

"ቅዳሜ ላሞቹ ይሸጣሉ" አሉ ገና በሩ ሲከፈት። "ሰኞ ባርትሊ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ይገባል። ራሱ ነው ሄዶ የተመዘገበው።"

"ታመሙ እንዴ?"

"ምን ይታመማል፣ ከእኔም ካንቺም ይበረታል። አእምሮዬ እየሄደ ነው ይላል። እናታችንን ዘጠኝ ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ሸክም አልሆንብሽም ይለኛል። ቁልፍ በጠፋበት ቁጥር 'አየሽ?' ይላል። ቁልፍ የማይጠፋበት ማን አለ? እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ግማሽ ቀን ስፈልገው እውላለሁ፣ ማን የአረጋውያን ቤት አስገባኝ?" ዴሊያ የራስ መሸፈኛቸውን አጠበቁ። "ሁሉም ከዚያች ዜማ ወዲህ የመጣ ነው። እኔ በበኩሌ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ዋሽንት ስለማልነፋ ግን የጠየቀኝ የለም።"

ዓይናቸውን ከአትራክታ ላይ አላነሡም። አትራክታ መሪውን ይዛ አንገቷን ደፋች። ዴሊያም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ልጅ እንዳወረደች አውቶቡሱን ወደ ማዶ አዞረች። ደብተሯ ኮት ኪሷ ውስጥ ነው፤ ባያምኗት ቀኑን ልታሳያቸው ነው። "ዜማዋን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምንም አልረሱም።" ይህን አሥር ጊዜ ጮክ ብላ ለባዶው ወንበር ተናገረችው። ይጩኹባት፣ ያባሯት፣ ለአገሩ ሁሉ ይንገሩ፤ ለላሞቹ ከደረሰች ይበቃታል።

ባርትሊ ሳታንኳኳ በሩን ከፈቱላት። ፊታቸው ሌላ ሰው መስሏል።

"መጣችልኝ!" አሉ።

"ምኗ?"

"ዜማዋ ናታ። ግቢ፣ ተቀመጪ። ዛሬ ዴሊያ ወጥታ ላም ሳልብ መጣችልኝ። አባቴ እዚያ የጓሮው በር ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ያን ቡናማ ኮቱን ለብሶ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እኔ ቁምጣ ለብሼ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ዶሮዎቹ እግሩ ሥር ይለቅማሉ። እሷን ነበር የሚነፋው። ጥርት ብሎ ነው የታየኝ አትራክታ። አልሄደም እኮ፤ አእምሮዬ አለ!" ሳቁ። "ለከብት ነጋዴው እንዳይመጣ ላክሁበት። ለአረጋውያኑ ቤትም ደወልኩ፤ አልጋዬን ለሽማግሌ ስጡት አልኳቸው።"

አትራክታ ኪሷ ውስጥ ደብተሩን ጨብጣ ቀረች። አሁን ብትናገር፣ በሩ ደፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን ይሆናል? መርሳት የማንም ነው። ያልነበረ ነገር ማስታወስ ግን እናታቸውን በመጨረሻ ያገኛት ነገር ነው፤ ይህን ባርትሊ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። እውነቷ ስትዘገይ ስትዘገይ መርዝ ሆና ደረሰች።

ባርትሊ ዋሽንቱን አንሥተው ነፉላት። መዞሪያው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ።

"እዚህ ጋ አንቺ ትሳሳቻለሽ። ወደ ላይ ትወስጃታለሽ። አባቴ ወደ ታች ነበር የሚያወርዳት፤ ስሚ።"

ያቺ ለአትራክታ አልስማማ ያለቻት ድምፅ ነበረች። ወደ ታች ስትወርድ መዞሪያው ሁሉ ተቃና፤ ከመጀመሪያም እንዲህ መሆን የነበረበት መሰለ። ዜማ ሠሪ ናትና ደስታ ወረራት። ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች።

ዴሊያ እስከ አውቶቡሱ ሸኟት።

"የጓሮው በር የተከፈተው አባታችን ከሞተ በአራተኛው ዓመት ነው" አሉ። "በፊት ግድግዳ ነበር።"

አትራክታ ደብተሩን አውጥታ ሰጠቻቸው። ዴሊያ ኖታ አያነቡም፣ ቀኑን ግን አነበቡ። መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

"ዛሬ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት።"

"ገብቶኛል። በመጋቢት ብትነግሪው ይስቅ ነበር። በመስከረም ብትነግሪው ይቆጣሽና ይረሳው ነበር። አሁን አትነግሪውም። እሱ በሕይወት እስካለ ለማንም አትነግሪም። እሑድ እሑድም እየመጣሽ አብረሽው ትጫወቻታለሽ፤ እሱ እንዳስተካከለልሽ አድርገሽ።" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሥራ የሚያዙ ነበር የሚመስሉት።

አሥር ዓመት ከሦስት ወር እሑድ እሑድ ማዶ ተሻገረች። ባርትሊ የጓሮውን በር ታሪክ በየሳምንቱ ይነግሯታል፤ በየዓመቱም ይጨመርበታል። መጀመሪያ ኮቱና ዶሮዎቹ ነበሩ፣ በኋላ ፒፓ መጣ፣ በኋላ ስሙ የማይታወቅ ውሻ። ዴሊያ ጥግ ሆነው ካልሲ ይሠራሉ፣ ቀና አይሉም። አትራክታ "አዎ" ትላለች። ያጋጠመቻቸው ሦስቱ ዜማዎች በአውራጃው ባንድ ሁሉ እጅ ገቡ፤ "ከማን ነው?" ባሏት ቁጥር "ከባርትሊ ስካንለን" ትላለች። የሰውን ዜማ ማጋጠም አልተወችም። የራሷን ግን ከዚያ ወዲህ አልሠራችም። ሐይቁ ዳር አንዳንዴ አንድ ሐረግ ሊመጣባት ሲል የአውቶቡሱን ሬዲዮ ከፍ ታደርጋለች።

ባርትሊ በ1994 የካቲት ሞቱ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ስድሳ ሁለቱንም ዜማ በስም ይጠሩ ነበር። ባንዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይልስ ስካንለንን ሪል ተጫወተ፤ ሲልቪ አኮርዲዮኑን፣ አትራክታ ቫዮሊኗን ይዘው። ቀብሩ እንዳለቀ ዴሊያ መቃብሩ በር ላይ ክንዷን ያዟት።

"እንግዲህ እሱ ዐርፏል" አሉ። "አሁን ንገሪያቸው።"

አዳራሹ ውስጥ ሻይና የካም ሳንድዊች ቀርቧል። ዴሊያ ካህኑን ሲሸኙ አትራክታ ከሲልቪ ጎን ተቀመጠች። አሥር ዓመት የተሸከመችው ቃል በዝግታ ወጣ።

"ሲልቪ፣ ያቺን ዜማ የሠራኋት እኔ ነኝ። የባርትሊ አባት አይደሉም። ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ሠርቻት እንዳትጥላት ብዬ ዋሸሁህ።"

ሲልቪ ስኒውን አስቀመጠ። አትራክታ ደብተሩን ገልጣ ፊቱ ዘረጋችለት። መነጽሩን አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መዞሪያው ድረስ አነበበና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

"ይቺ እኮ ልክ አይደለችም" አለ። "እዚህ ጋ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ይህ ዜማውን ከባርትሊ ስትሰሚ የጻፍሽው ነው፤ ያውም አሳስተሽ።"

"እሳቸው ናቸው ያስተካከሉልኝ..."

"ያስተካክልልሻላ፣ የአባቱ አይደል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ግን ሁሉ ይሰሙ ነበር። "አሥር ዓመት ሻዩን ጠጥተሽ፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ? ትንሽ ልትጠብቂ አትችዪም ነበር አትራክታ?"

"ዴሊያን ጠይቁ" ለማለት አፏን ከፈተች። ዴሊያ በሩ አጠገብ ቆመው የሰው እጅ እየጨበጡ ነው። ቢጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፤ ስለ ጓሮው በር፣ ስለ ግድግዳው፣ ወንድማቸው ስላዩት ሰው፣ ይህን ሁሉ በቀብሩ ቀን በሳንድዊች ጠረጴዛ ላይ ይናገራሉ። አትራክታ አፏን ዘጋች። ደብተሩን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

"ልክ ነህ። ይቅርታ" አለች።

ሲልቪ ስኒውን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተዛወረ። ወሬው ከሳንድዊቹ ፈጥኖ አዳራሹን ዞረ። በዚያ ሳምንት ልጆቻቸውን ወደ አውቶቡሱ የሚያመጡ እናቶች ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ከሞተ ሰው ዜማ ልትሰርቅ የሞከረች ተባለች። የተሰጣት ስም ከጥፋቷ ጋር አይገጥምም ነበር። ክብደቱ ግን ትክክል ነው ብላ ተሸከመችው።

እሑድ እንደ ልማዷ ማዶ ተሻገረች። ዴሊያ በሩን ከፈቱላት።

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ታዲያስ?"

"አላመኑኝም።"

 ዴሊያ ውኃ ሊጥዱ ሄዱና ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ "በይ ተጫወቻት" አሉ።

አትራክታ የጓሮውን በር ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች። ቫዮሊኗን አወጣች፤ መዞሪያው ላይ ስትደርስም ያቺን ድምፅ ባርትሊ እንዳሳዩዋት ወደ ታች አወረደቻት።